ቢራቢሮ የሚያዘወትረው የአበባ መደብ ለባሕር ዳር ግቢ

በባሕር ዳር በመስከረም ቢራቢሮ ማየት ብርቅ አይደለም። የመንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ ለብሷል። ችግሩ የሚመጣው ከኅዳር በኋላ ነው። አደይ ይደርቃል፣ ሣሩ ይታጨዳል። ግቢያችን ደግሞ አብዛኛው በሴራሚክና በኮብልስቶን ተለብጧል። ቢራቢሮው የሚቀምሰው አበባ ያጣል፤ እንቁላሉን የሚጥልበት ቅጠልም አያገኝም። ስለዚህ መደቡን ስንሠራ ሁለት ነገር ማሟላት አለብን፤ በበጋም የሚያብብ ተክል መኖር አለበት፣ አባጨጓሬው የሚበላው ቅጠልም እንዲሁ።

ሰፊ መሬት አያስፈልግም። 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ጥግ በቂ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነም ይሠራል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በሶብላ፣ ድንብላልና አንድ የሎሚ ችግኝ በባልዲ ተክላችሁ በረንዳ ላይ ብታስቀምጡ ጥሩ ጅምር ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚበላ እንወቅ

ቢራቢሮ አበባ ላይ የሚያርፈው ለአበባ ማር ነው። እንቁላሉን ግን ያገኘው ቅጠል ላይ ሁሉ አይጥልም። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ምርጫ አለው። አባጨጓሬው ያንን ቅጠል ካላገኘ በረሃብ ይሞታል። አበባ ብቻ ያለው ግቢ ውስጥ ቢራቢሮ ጎራ ብሎ ይሄዳል። ቅጠሉም ካለ ግን ትውልዱን እዚያው ይቀጥላል።

በአካባቢያችን በጣም የሚታየው ትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ነው። የሚራባው በሎሚ፣ በብርቱካንና በመንደሪን ቅጠል ላይ ነው። እንስላልንም ይበላል። አባጨጓሬው ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፎች እንዳይነኩት የተሰጠው መደበቂያ ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ቢነኩት ከአንገቱ ላይ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ነገር ያወጣና ኃይለኛ ሽታ ይረጫል። ሰው አይጎዳም። አንድ የጎለመሰ የሎሚ ዛፍ ጥቂት አባጨጓሬ ቢቀልብ ምንም አይሆንም። ችግኙ ገና ጨቅላ ከሆነ ግን አባጨጓሬዎቹን በጥንቃቄ አንስታችሁ ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውሯቸው።

ብርቱካናማ ሆኖ የክንፉ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቢራቢሮ ደግሞ የጦቢያና የዘመዶቹ ወዳጅ ነው። እነዚህ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡ ተክሎች ናቸው። አባጨጓሬው በወተቱ ውስጥ ያለውን መርዝ በሰውነቱ ያጠራቅማል። ወፍ አንዴ ከቀመሰው ሁለተኛ አይደፍረውም። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ክፉ ጉዳት ያደርሳል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ጦቢያን መትከል አልመክርም። በሜዳ ያለውን አትቁረጡት፤ ያ ይበቃል።

ቢጫና ነጭ ሆኖ በፍጥነት የሚበረው ዝርያ የሰናመኪ ዘመዶችን ይመርጣል። በቡድን ሲያልፍ አይታችሁት ይሆናል። ጉመሮ ካለ ክንፉ ላይ ቡናማ መስመር ያለበት ነጭ ቢራቢሮ ይመጣል። ማገጥ ላይ ቢጫ ቢራቢሮ ይራባል። ባቄላና አተር ከዘራችሁ ደግሞ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቢራቢሮ አበባውና እሸቱ ላይ ትታያለች። አባጨጓሬዋ እሸቱ ውስጥ ገብታ ስለምትበላ ጓሮ አትክልተኛ አይወዳትም። ትንሽ ባቄላ ለእሷ ብቻ በመደቡ ጠርዝ ብትዘሩ ግን ደስ የሚል ነገር ነው።

ኮሸሽላን የሚወድ አንድ ብርቱካናማ ዝንጉርጉር ቢራቢሮም አለ። ሰሃራን አቋርጦ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል በትውልድ ቅብብሎሽ ይመላለሳል። እሾሁን ከቻላችሁት አንድ ሁለት ኮሸሽላ ሰው በማያልፍበት ጥግ ተዉለት።

ቦታ መምረጥ

ፀሐይ ቀዳሚው ነገር ነው። ቢራቢሮ ሰውነቱ ሳይሞቅ መብረር አይችልም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ከሆነ የተሻለ ነው። ከሐይቁ የሚመጣውን የከሰዓት ነፋስ የሚሰብር አጥር ወይም ቁጥቋጦ በአንድ ወገን ቢኖር ጥሩ ነው። ለዚህ እኔ የምመርጠው ስሚዛን ነው። ቶሎ ያድጋል፣ በቁራጭ ይበቅላል፣ ነጭ አበባውን ንብ ይወደዋል።

የጣሪያ ውሃ የሚወርድበትን ቦታ ተዉት። ከቤቱ ግድግዳም ትንሽ ራቁ።

አፈሩ፦ ሥራው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበባ ሊተክል ሲል ፍግ በመጫን ነው። ለዱር አበባ አታድርጉት። አደይ በጠፍ መሬት፣ በመንገድ ዳርና በድንበር ላይ የሚበቅል ነው። አፈሩ ሲለማ የሚጠቀመው ሣሩ ነው፤ አበባውን ውጦ ያስቀረዋል። ኮምፖስታችሁን ለጎመኑና ለሎሚው አስቀሩት።

ዋናው ጠላት ሰርዶ ነው። ከላይ ብታጭዱት ከሥር ይመጣል። በመጋቢት መሬቱ ደረቅ ሳለ በዶማ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና ሥሩን በእጅ ልቀሙ። የተለቀመውን ሥር ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ኮምፖስት ውስጥ ከገባ እንደገና ይበቅላል። እንግጫም ካለ ከሥሩ ያለችውን ፍሬ ካላወጣችሁ አይለቃችሁም።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው መሬቱን አጠጥቶ ብርሃን በሚያስተላልፍ ላስቲክ መሸፈን ነው። ጠርዙን በአፈር ቅበሩና ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ተዉት። በእነዚያ ወራት የባሕር ዳር ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነች ከላስቲኩ ሥር ያለው ሙቀት ላይኛው አፈር ውስጥ ያለውን አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል። ላስቲኩ ጥቁር እንዳይሆን፤ ጥቁሩ ሙቀቱን ራሱ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው መንገድ ወጪ የለውም፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አረሙ ይብቀል ብላችሁ ተዉት። ሁለት ቅጠል ሲያወጣ በመኮትኮቻ ከላይ ከላይ ፋቁት። በጥልቀት አትቆፍሩ፤ ከቆፈራችሁ ሌላ ዘር ከታች ታመጣላችሁ። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። ብዙ ገበሬ ጤፍ ከመዝራቱ በፊት ደጋግሞ የሚያርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መሬታችሁ ቀይ አፈር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ውሃ አይቋጥርም። ዋልካ ከሆነ ግን ክረምት ላይ ይረግጋል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በዋልካ ላይ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፤ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱ።

ዘር ከየት?

የአደይ ዘር ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ አበባው ሲደርቅ ከመንገድ ዳርና ከኮረብታ ላይ ይለቀማል። ዘሩ ጥቁርና ቀጭን ነው፤ ጫፉ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ከአንድ ቦታ ሙልጭ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ከብዙ እግር ጥቂት ጥቂት ልቀሙ። የሰው መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ዘሩን በኅዳር ሳትለቅሙ ሰኔ ከደረሰባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ገበያ ሂዱና ያልተቆላ ኑግ ግዙ። ኑግ ለቢጫ አበባ መደብ የሚሆን በቀላሉ የሚገኝ ዘር ነው። በሰኔ ከተዘራ ብዙውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት ያብባል። የራሱን የአበባ ዱቄት የማይቀበል ተክል ስለሆነ ፍሬ ለመያዝ ነፍሳት ያስፈልጉታል፤ ለዚህም ነው አበባው እነሱን ለመሳብ የተመቸው። የዱር ዘመዱ መጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይዘራም ራሱ ይመጣል። ገበሬ እንደ አረም ይነቅለዋል፤ እናንተ ግን ተዉት።

በተጨማሪ ድንብላል፣ እንስላልና በሶብላ ከቅመም ተራ ይገኛሉ። የድንብላል አበባ ጥቃቅን ስለሆነ ለትንንሾቹ ቢራቢሮዎች ይመቻል። ከችግኝ ጣቢያ የምትገዙት ካለ ፔንታስን ጠይቁ። ቀይና ሮዝ አበባ ያለው፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ባዳ ያልሆነ ተክል ነው። ቢራቢሮ በእሱ ላይ ሲያርፍ ቶሎ አይነሳም።

አዘራር

ጊዜው ሰኔ ነው። ዝናቡ ከጸና፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ዝሩ። በሐምሌ ከገባችሁ ኃይለኛው ዝናብ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ለ12 ካሬ ሜትር አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ የተደባለቀ ዘር ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ያጓጓል፤ ግን ሲጠጋጋ ሁሉም ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይወድቃል። ዘሩን ከአምስት ሲኒ ደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቁት። አሸዋው ዘሩን እኩል ለመበተን ይረዳል፤ የት እንደበተናችሁም ያሳያል። ግማሹን በርዝመቱ፣ ግማሹን በአግድሙ እየሄዳችሁ በትኑ።

ከዚያ አታልብሱት። ጥቃቅን ዘር ጥልቅ ከገባ አይወጣም። ጣውላ አስቀምጡና ላዩ ላይ ቁሙበት፤ ዘሩ ከአፈሩ ጋር ይጣበቅ። ርግብና ድንቢጥ ኑግ ነፍሳቸው ነው። እስኪበቅል ድረስ ለአንድ ሳምንት ያህል የእሾህ ቅርንጫፍ ጣል አድርጉበት።

ቁጥቋጦዎቹን ከኋላ በኩል ትከሉ። ግራዋ፣ ዳማከሴና ምስርች ለዚህ ይሆናሉ። ቦታ ካላችሁ አንፋርን ጨምሩ። ብርቱካናማ አበባው ጥሩ መዓዛ አለው፤ የእሱ ወገን የሆኑ ዝርያዎች በሌላውም ዓለም ለቢራቢሮ ተብለው የሚተከሉ ናቸው። ብሳና ግን ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ለሰፊ ግቢ ብቻ ነው። ከቻላችሁ ትከሉት፤ ዘጌ ጫካ ውስጥ ከሚታዩት ፈጣንና ወፍራም ቢራቢሮዎች መካከል ቅጠሉን ለልጃቸው የሚመርጡ አሉ።

የማይተከሉ

የወፍ ቆሎ ቢራቢሮ እንደሚስብ አልክድም። አበባው ላይ ሁልጊዜ ይገኛሉ። ቢሆንም አትትከሉት። ወፍ ፍሬውን በልቶ በየቦታው ይዘራዋል፤ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል፤ የያዘውን መሬት አይለቅም። ያማረ አበባ ምን እንደሚያመጣ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እምቦጭም ሐምራዊ አበባው ያምር ነበር፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ግን ሁላችን አይተናል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ዳር ነው የምንኖረው። ከግቢያችን የሚወጣ ዘር በጎርፍ ወደዚያው ይወርዳል።

ፓርቲኒየም በመደቡ ውስጥ ከታየ ሳያብብ ንቀሉት። ነጫጭ ጥቃቅን አበባ አለው፤ ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስምም ያስነሳል። ጓንት አድርጉ።

በክረምት

ብዙ ሥራ የለም። በሐምሌ አንዴ፣ በነሐሴ አንዴ ሣሩን እየለያችሁ ንቀሉ። የአደይ ቡቃያ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ካልለያችሁት ትንሽ ጥግ ላይ ለብቻ ዘርታችሁ እያመሳከራችሁ እዩ። ቡቃያው ከተጠጋጋ በመካከላቸው አንድ ጋት ያህል እንዲቀር አሳሱት።

በመስከረም ልጆች ለእንቁጣጣሽ አደይ ሊቀጥፉ ይመጣሉ። ይቅጠፉ። ለዚያ ሲባል በበሩ በኩል ትንሽ ጨምራችሁ ብትዘሩ መልካም ነው።

በጋው፦ መደቡ የሚፈተንበት ወቅት

ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት አብዛኛው መደብ ደርቆ ይቀራል። እዚህ ነው የኋላው ቁጥቋጦ ዋጋው የሚታየው። ግራዋ በበጋ ነጭ አበባ ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ሌላ አበባ ስለሚያንስ የሚሰበሰበው ነፍሳት ብዙ ነው። ብዙ ቤት ግራዋ አለ፤ ግን ቅርንጫፉ በየጊዜው ስለሚቆረጥ አያብብም። ቢያንስ አንዱን ሳትቆርጡ ተዉት። በሶብላውን ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ካጠጣችሁት ማበቡን ይቀጥላል። አበባው ሲደርቅ ጫፉን ቁረጡ፤ እንደገና ያወጣል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከባድ ሊመስል ይችላል። አትክልት የታጠበበት ሳሙና የሌለው ውሃ በጀሪካን ቢጠራቀም ይበቃል። በጠዋት ሥሩ ላይ አጠጡ።

ቢራቢሮ ከአበባ ሌላ ጭቃም ይፈልጋል። ከእርጥብ አፈር ጨውና ማዕድን ይመጥጣል። ዝርግ ሳህን ውስጥ አሸዋ አድርጉ፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ቁንጥር አመድ ጨምሩ። አጠገቡ አንድ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሩ፤ ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቁበታል። ከመጠን በላይ የበሰለ ማንጎ፣ ሙዝ ወይም ዘይቱን ካለም አትጣሉት። አበባ ላይ የማያርፉ ትልልቅ ቢራቢሮዎች አሉ፤ እነሱን የሚያመጣቸው የፈላ ፍራፍሬ ነው። ዝንብ እንዳይበዛ ግን ከቤት ራቅ አድርጉት፤ በሦስት ቀን አንሱት።

ወባ፣ መድኃኒትና ጎረቤት

ባሕር ዳር ወባ አለ። «ቁጥቋጦ ትንኝ ያመጣል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። የወባ ትንኝ የምትራባው ግን በቆመ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሳህኑን በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ አድርቁት፤ አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ ከላይ አይቁም። ቦዩም ውሃ የሚቋጥር ከሆነ አስተካክሉት።

ሁለተኛው ቅሬታ እባብ ነው። ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ያህል ሣሩን አጭር አድርጋችሁ ያዙ፤ መውጫና መግቢያው ይታይ። የድንጋይና የእንጨት ክምር መደቡ አጠገብ አታስቀምጡ። ጠርዙ በንጽሕና ከተያዘ የሚያልፍ ሰው ሁሉ መደብ መሆኑን ያያል፤ ጫካ አይለውም። እትዬም ሆኑ ጋሼ ቅር እንዳይላቸው ከመጀመሪያው ንገሯቸው። በኅዳር ዘር ስታካፍሏቸው ደግሞ አብረው ይሠራሉ።

ፀረ ተባይ በመደቡ ላይ ፈጽሞ አትርጩ። መድኃኒቱ ጎጂውን ከአባጨጓሬው አይለይም። ከጎን ያለው ጎረቤት ጎመን ወይም ጫት ላይ የሚረጭ ከሆነ ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንዲረጭ ለምኑት። በዚያ በኩል ያለውን አጥር ወፈር አድርጉት።

ማጨድ

በኅዳር መጨረሻ ዘሩ ከደረቀ በኋላ ግማሹን ብቻ እጨዱ። በማጭድ፣ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ። የታጨደውን ሁለት ሦስት ቀን እዚያው አስተኙት፤ ዘሩ ይርገፍ። ከዚያ አራግፋችሁ አውጡት። ተቆልሎ ከቀረ መሬቱን ያለማዋል፤ እሱን ደግሞ አንፈልግም።

ሌላውን ግማሽ እስከ ሚያዝያ ተዉት። ደረቅ ግንድ ላይ ሙሽሬ (አባጨጓሬው ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) የተንጠለጠለ ሊኖር ይችላል፤ የደረቀ ቅጠል ስለሚመስል በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግማሾቹን አቀያይሩ። እሳት አታንሱበት።

በሁለተኛው ሰኔ አደይ ከወደቀው ዘር ራሱ ይመጣል። ኑጉ ግን አስተማማኝ ስላልሆነ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ በመኮትኮቻ ጫር ጫር አድርጋችሁ እዚያ ላይ ብቻ ድገሙት።